አሮጌ የብረት ማንዶሊን የሚያበላሹ ስህተቶች

ማንዶሊን ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አየለ ማሞ ነው። እዚህ የማወራው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ማንዶሊን ነው፤ የሎስ አንጀለሱ ናሽናል ኩባንያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ስለሠራው ባለ ብረት ሆድ ሬዞኔተር። ክዳኑ ሥር እንደ አክምባሎ ጫፉን ወደ ላይ ያደረገ ስስ የአሉሚኒየም ኮን አለ፤ ድምፁን የሚያጎላው እሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ወፍራም ክር መግጠም ነው። «ብረት ነው፣ ይችለዋል» ይባላል። የስምንቱን ክሮች ጫና ከበርኩማው (ክሮቹ ከሚያርፉበት ድጋፍ) ሥር የሚሸከመው ግን ያ ስስ ኮን ነው። ሲበዛበት መሃሉ ይሰምጣል፣ ድምፁም ይታፈናል። በጣት ገፍቶ ማቃናት ይብስ ያጨማድደዋል። ቀጭን ክር ይግጠሙ። ኮኑን መቀየር ግድ ከሆነም አሮጌውን አይጣሉት፤ ሰብሳቢ ስለሱ ሳይጠይቅ አይገዛም።

ክር ሲቀይሩ ስምንቱንም በአንዴ አይፍቱ። ኮኑን ቦታው ላይ የሚያቆየው የክሮቹ ጫና ስለሆነ ሲላላ ይንሸራተታል። አንድ በአንድ ይቀይሩ።

ሁለተኛው የውድ ዕቃ ጠላት ማሳመር ነው። የኒኬል ቅቡ ስስ ስለሆነ በሚፍቅ ማጽጃ ሲወለውሉት፣ ሆዱ ከናስ ከተሠራ ሥሩ ያለው ቢጫ ናስ ብቅ ይላል። እንደ አዲስ ኒኬል ማስነከር ደግሞ ያብረቀርቃል እንጂ ዋጋውን ይጥለዋል። ለእኔ የደበዘዘው ይበልጥብኛል። ላቡን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ስምም ያሳስታል። የአንዳንዶቹ ሆድ የሚሠራበት «የጀርመን ብር» የሚባለው መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው፤ ቅንጣት ብር የለበትም። ሻጮች ሬዞኔተሩን ሁሉ «ዶብሮ» ይሉታል፤ ዶብሮ ግን የሬዞኔተሩ ፈጣሪ ጆን ዶፒዬራ ከናሽናል ከወጣ በኋላ ከወንድሞቹ ጋር ያቋቋመው ፋብሪካ ነው፣ ኮኑም የተገለበጠ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1989 የተመሠረተው ናሽናል ሬዞፎኒክ የተባለው አዲስ ኩባንያም ጥሩ መሣሪያ ይሠራል፤ ሆኖም እሱን በአሮጌው ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው።

ክሩ ከአንገቱ ርቆ ለጣት ከከበደ በርኩማውን ለመሞረድ አይቸኩሉ። አንገቱ እንጨት ስለሆነ ከዘጠና ዓመት በኋላ ወደ ፊት አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። በርኩማው ባነሰ ቁጥር ክሮቹ ኮኑን የሚጫኑበት ኃይል ይቀንሳል፣ ድምፁም ይደክማል። የአንገቱን ጥገና ዋጋ ባለሙያ ጠይቀው ከመክፈልዎ በፊት ከሻጩ ላይ ያስቀንሱ።