ሳን ጋብርኤል ተራራ ላይ ሰው ሲጎዳ የምንሰራቸው ስህተቶች (የሸሪፉ ፓራሜዲኮች እስኪደርሱ)

ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከፌርፋክስ የሀበሻ ሰፈር ተነስቶ ሳን ጋብርኤል ተራሮች ስር ለመድረስ ሩቅ አይደለም፣ አሁን አሁን ደግሞ የኛ ሰው በግሩፕ ሆኖ ሀይኪንግ መውጣት ለምዷል፣ በጣም ደስ ይላል። ግን አንዱ እግሩ ቢሰበር ማነው የሚመጣው ብላችሁ ብትጠይቁ ግማሹ "አምቡላንስ" ይላል ግማሹ ዝም ይላል። የሚመጣው ፖሊስ ነው። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ (የካውንቲው ፖሊስ) ውስጥ ስፔሻል ኢንፎርስመንት ቢሮ የሚባል ክፍል አለ፣ ስዋቱ (ለአደገኛ ኦፕሬሽን የሰለጠነው ልዩ የፖሊስ ቡድን) ያለበት ማለት ነው፣ እዛው ስር ደግሞ ኢመርጀንሲ ሰርቪስስ ዲቴል የሚባል ቡድን አለ፣ ልጆቹ ሽጉጥ የታጠቁ ዴፑቲዎችም (የሸሪፉ ፖሊሶች) ናቸው፣ ፈቃድ ያላቸው ፓራሜዲኮችም (የድንገተኛ ህክምና ባለሙያዎች) ናቸው። አንድ ቀን ስዋት ቤት ሲከብ አብረው ገብተው የተመታ ያክማሉ፣ ሌላ ቀን ኤር ሬስኪው 5 ከሚባለው ሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተር በገመድ ገደል ውስጥ ይወርዳሉ።

ስዋትና ተራራ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ሁለቱም ጋ አምቡላንስ የማይገባበት ቦታ ነው፣ ያለህ ህክምና ጀርባህ ላይ የተሸከምከው ብቻ ነው፣ በሽተኛውን የጎዳው ነገር ደግሞ አንተንም ሊጎዳህ ይችላል። ስለዚህ የስዋት ህክምና የለመደ ሰው ተራራ ላይ ብዙ አይደናገርም። የሚደናገረው አብዛኛውን ጊዜ እነሱ እስኪመጡ የሚጠብቀው ሰው ነው፣ ማለትም እኛ። እስቲ የምናጠፋቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

"ፖሊስ ነው የሚመጣው" ብሎ አለመደወል። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ወረቀት የሌለው ወይ ኬሱ ያላለቀ ሰው ግሩፑ ውስጥ ካለ ሁሉም እርስ በርስ ይተያይና "ቆይ እስቲ እንደምንም እናውርደው" ይባላል። በካሊፎርኒያ ህግ፣ ኤስቢ 54 የሚባለው ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሰራው ማለቴ ነው፣ ሸሪፍም ሆነ የከተማ ፖሊስ የኢሚግሬሽን ሁኔታህን እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም። በገመድ የወረደው ሰውዬ የሚጠይቅህ የት ጋ እንዳመመህ፣ ምን መድሃኒት እንደምትወስድና አለርጂ እንዳለብህ ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ብር ነው፣ "ሄሊኮፕተር ከመጣማ ቤቴን ሸጬም አልከፍለውም" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። በእግር የሚወጡት የነሞንትሮዝ፣ የነአልታዲና፣ የነሲየራ ማድሬ የበጎ ፈቃድ ቡድኖች ላዳኑህ ብለው አያስከፍሉም። ከ1959 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የተራራ ነፍስ አድን ማህበርም ሰው ቢል ፈርቶ ሳይደውል እንዳይቀር ብሎ ማስከፈልን ይቃወማል። የሆስፒታልና የግል አምቡላንስ ቢል ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይመጣል፣ ግን ከሞት በኋላ ስለ ቢል አይወራም።

አምሽቶ መደወል። ሰባት ሰዓት ላይ የተሰበረ እግር አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲደወልለት ፀሐይ ጠልቃለች፣ ብርዱ ገብቷል፣ ጉም ከወረደ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ መጠጋት ላይችል ይችላል። ያኔ በጎ ፈቃደኞቹ ቃሬዛ ተሸክመው በእግር ነው የሚወጡት፣ በአየር ደቂቃ የሚፈጀው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ይሆናል። መራመድ ካልቻለ በቃ ደውሉ፣ በኋላ ቢሻለው እንኳን መልሶ ደውሎ ማሳወቅ ይቻላል።

"ሰርቪስ የለም" ብሎ ስልኩን ኪስ ውስጥ መክተት። የራስህ ካምፓኒ ኔትወርክ ባይኖርም 911 ከደወልክ ስልኩ በሌላ ካምፓኒ ታወር ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ባር የለም ብለህ አትተው፣ ሞክር። ድምፅ እምቢ ካለ ቴክስት አድርግ፣ እዚህ ካውንቲ ውስጥ 911 ቴክስት ይቀበላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ "አምሃሪክ" ብለህ አስተርጓሚ ጠይቅ። አይፎን 14 እና ከዛ በኋላ የመጡት ደግሞ በሳተላይት መልእክት ይልካሉ፣ ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም፣ ዲሴምበር 2022 ላይ መንኪ ካንየን የሚባለው ጋ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ወደ 90 ሜትር ገደማ ወርዶ ሁለት ሰዎች ኔትወርክ የሚባል ነገር የሌለበት ሸለቆ ውስጥ ወደቁ፣ ስልኩ አደጋውን ለይቶ በሳተላይት እርዳታ እንዲጠይቁ አደረጋቸው፣ ከዛ ኤር ሬስኪው 5 መጥቶ ፓራሜዲኩ በገመድ ወርዶ አወጣቸው። ከተደወለ በኋላ ደግሞ ከቦታችሁ አትነቃነቁ፣ ቦታው ራሱ አደገኛ ካልሆነ በስተቀር፣ የላካችሁት ኮኦርዲኔት ጋ ሰው ሲደርስ እናንተ ሁለት ሸንተረር አልፋችሁ ከሆነ ፍለጋው እንደ አዲስ ይጀመራል።

"እኛ የደጋ ልጆች ነን" የሚለው ጉራ። እንጦጦ ሲወጣ ያደገ ሰው የሳን ጋብርኤል ትልቁ ተራራ ማውንት ባልዲ 3,068 ሜትር ነው ሲባል ይስቃል። ከፍታው ብቻ ቢሆን ልክ ነበር (እሱም ቢሆን አስር አመት ሎስ አንጀለስ ባህር ዳርቻ የኖረ ሳንባ አዲስ አበባን ረስቷል)። ችግሩ በረዶ ነው። ክረምት ላይ የባልዲ ገደላማ ፊት ወደ መስታወት ይለወጣል፣ በስኒከር ቀርቶ ጫማ ላይ በምትጎተተው ትንሿ ሰንሰለትም አይቻልም፣ ትክክለኛ ክራምፖን (ጫማ ስር የሚታሰር ሹል ብረት) እና የበረዶ መጥረቢያ፣ ከነአጠቃቀሙ፣ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ተዋናይ ጁሊያን ሳንድስ ልምድ ያለው ተራራ ወጪ ነበር፣ ጃንዋሪ 2023 ላይ ባልዲ ላይ ጠፋ፣ አየሩና የበረዶ ናዳው ፈላጊዎቹን ከመሬት መለሳቸው፣ አስከሬኑ የተገኘው ጁን ላይ ነው። ነፍስ አዳኞችም የማይገቡበት ቀን አለ ለማለት ነው።

ቁስል ላይ ቡና መነስነስ። አዎ እዚህም የሚያደርግ አለ። የስዋት ፓራሜዲኮች የሚሰሩበት ቅደም ተከተል ከውትድርና ህክምና የመጣ ነው፣ መጀመሪያ በሀይል የሚፈስ ደም፣ ከዛ የአየር መተላለፊያ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፣ ከዛ ብርድና የጭንቅላት ጉዳት። እናንተም በዛው ሂዱ። ደሙ ላይ በንፁህ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ አሁንም አሁንም እየገለጣችሁ አትዩት። እጅ ወይ እግር ሆኖ አልቆም ካለና እውነተኛ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም እጅ ወይ እግር ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ) ካላችሁ ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም አጥብቁ፣ ሰዓቱን ፃፉ። ያማል፣ ይጮሃል፣ አዝናችሁ ግን እንዳታላሉለት፣ የሚፈታው ሀኪም ነው። የሱሪ ቀበቶ ብዙ ጊዜ በቂ ስለማይጠብቅ አትመኑበት።

አረቄ። ያሞቃል የሚባለው ውሸት ነው፣ ቆዳህን ነው የሚያሞቀው፣ የውስጥ ሙቀትህን አውጥቶ ለንፋስ ይሰጠዋል። ብርድ ደግሞ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ የሚደማን ሰው እጥፍ ይጎዳል። እርጥብ ልብስ አውልቁለት፣ ከስሩ ቦርሳም ጃኬትም አንጥፉለት፣ ሰው ከላይ ብቻ ይደርብና መሬቱ ከስር ሙቀቱን ሲመጠው አያይም።

ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ መጨፈር። በአንድ እጅ ሰላም ማለት ለፓይለቱ "አያስፈልግም" ሊመስለው ይችላል፣ አንድ እጅ ወደ ላይ አንድ እጅ ወደ ታች ማለት አትምጡ ነው። ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ ከፍታችሁ ቁሙ። ሱፐር ፑማ ትልቅ ነገር ነው፣ ንፋሱ ኮፍያ፣ ነጠላ፣ ያቺን የምታብለጨልጭ የብርድ ወረቀት ሳይቀር ያነሳል፣ ወደ ላይ ተስቦ ማሽኑ ውስጥ ቢገባ ሁላችሁንም ያጠፋል፣ ስለዚህ ሁሉንም አስራችሁ ያዙ። ድሮን ለቪዲዮ የሚያስነሳ ልጅ ካለ ቀሙት፣ በአካባቢው ድሮን ካለ ሄሊኮፕተሩ ሊመለስ ይችላል። የወረደውን መንጠቆ ሮጣችሁ አትያዙ፣ ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚወርድ መጀመሪያ መሬት ይንካ፣ ከምንም ነገር ጋርም አትሰሩት። ከዛ ፓራሜዲኩ ያለውን ብቻ ማድረግ ነው፣ ተቀመጥ ካለ መቀመጥ፣ እጅህን ሰብስብ ካለ መሰብሰብ።

ብዙ ጊዜ የሚወስዱት የተጎዳውን ብቻ ነው፣ ሌላው በእግሩ ይወርዳል፣ ስለዚህ የት ሆስፒታል እንደሚወስዱት ጠይቁ፣ እና ከመነሳቱ በፊት የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጡ።