የአንድ ዓመት የዓለም ፊልሞችን ለጓደኛ ስታካፍሉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ፊልም የምንወድ ሰባት ሰዎች በወር አንድ ቅዳሜ ማታ እንገናኛለን። ቦታው ማራኪ ሠፈር፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠራል። ፕሮጀክተሩ የተውሶ ነው። ቡና ይፈላል። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አንድ ዓመት እንመርጣለን፣ ሁሉም ሰው በዚያ ዓመት ከወጡ የዓለም ፊልሞች የሚወደውን ይዞ ይመጣል፣ ለምን እንደወደደው ይናገራል፣ ከዚያ አንዱን መርጠን አብረን እናያለን።

ሲሰሙት ቀላል ነው። መጀመሪያ አካባቢ ግን ብዙ ነገር አበላሽተናል፣ እንዲያውም ሁለት ሰው ተቀይሞ ሊቀርብን ነበር። በቅርቡ ባሕር ዳር ያሉ ልጆች «እኛም ልንጀምር ነው፣ ምን እንጠንቀቅ?» ብለው ጠየቁኝና ነው ይህን የምጽፈው። ምሳሌዎቼ በሙሉ ማለት ይቻላል ከአንድ ዓመት ናቸው፣ ከ1976። ብዙ የተሳሳትነውም ብዙ የተማርነውም በዚያ ዓመት ላይ ነው።

ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አለመናገር

ቴሌግራም ላይ «የዚህ ወር ዓመት 1976» ብለን ጻፍን፣ በቃ። አንዱ ልጅ ዓ.ም. አድርጎ ወሰደው። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ ከርሞ ቅዳሜ ማታ የጀርመናዊውን ዳይሬክተር የቪም ቬንደርስን «ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ይዞ መጣ። ፊልሙ በግንቦት 1984 እ.ኤ.አ. በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ያገኘ ነው። ግንቦት 1984 ደግሞ በእኛ ግንቦት 1976 ነው። ስለዚህ ልጁ ልክ ነበር! የተሳሳትነው እኛ ነን። ግን ሁላችንም ሌላ ዓመት ይዘን ስለመጣን እሱ ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ የያዘውን ሳይናገር ማታው አለቀ። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ሁልጊዜ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» ብላችሁ ጻፉ። እ.ኤ.አ. 1976 በእኛ ከታኅሣሥ 1968 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 1969 ድረስ ነው። ይህን ማወቅ ለጨዋታው ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ፊልሙ እዚያ ሲታይ እዚህ አገር ቤት ምን እየሆነ እንደነበር ወዲያው ይታያችኋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር የአውሮፓ ናቸው።

የትኛውን ቀን እንደምትቆጥሩ አለመስማማት

አንድ ፊልም ስንት ልደት አለው። የተቀረጸበት ዓመት አለ፣ መጀመሪያ የታየበት አለ፣ እኛ ጋ የደረሰበት አለ። ያልተስማማችሁ እንደሆነ ማታው በክርክር ያልቃል።

የኢራኑን የሞሐመድ ሬዛ አስላኒን ፊልም ውሰዱ። ርዕሱ በፋርስኛ «ሻትራንጄ ባድ» ነው። ሻትራንጅ ማለት የእኛው ሰንጠረዥ፣ ቼዝ፣ ነው፣ ስለዚህ «የነፋስ ሰንጠረዥ» ብንለው ያምርበታል። ቴህራን ውስጥ በ1976 ፌስቲቫል ላይ ታየ። ከዚያ በ1979 አብዮት መጣና ታገደ፣ ቅጂውም ጠፋ ተብሎ ቀረ። በ2014 የዳይሬክተሩ ልጅ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ዋናውን የፊልም ጥቅል አገኘው። ታድሶ ዓለም ያየው በ2020 ነው። ታዲያ የ1976 ነው ወይስ የ2020? እኛ ቤት በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ያወጣነው ሕግ «መጀመሪያ ለሕዝብ የታየበት ዓመት» የሚል ነው። እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ፣ ብቻ ከመገናኘታችሁ በፊት ወስኑ።

ፊልሙን ያላያችሁት ካላችሁ ግን እዩት። በሻማና በፋኖስ ብርሃን የተሞላ አንድ ትልቅ ቤት አለ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠች ወራሽ አለች፣ ለውርሱ የሚያደቡ ሰዎች አሉ። በየመሃሉ ደግሞ ልብስ አጣቢ ሴቶች ግቢው ውስጥ ከበው ተቀምጠው የጌቶቻቸውን ጉድ ያወራሉ። እኛ ሠፈር የቧንቧ ውኃ ሲጠበቅ የሚወራውን ወሬ የሚያውቅ ሰው እነዚያን ሴቶች ለማወቅ ሰብታይትል አያስፈልገውም።

የራስን ፊልም ከ«ዓለም» ማውጣት

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው።

ያን የ1976 ማታ ተራ በተራ ተናገርን። ጣሊያን፣ ጀርመን፣ ስፔን፣ ኢራን፣ ሕንድ። ከመሃላችን በዕድሜ ትልቁ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ «የእኛስ?» አሉ። ዝም አልን። የ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እኮ የኃይሌ ገሪማ ነው። ኃይሌ ደግሞ የጎንደር ልጅ ነው፣ እዚሁ ነው በ1946 የተወለደው። አባቱ ገሪማ ታፈረም ቴአትር ጸሐፊ ነበሩ። ጎንደር ተቀምጠን የዓለም ፊልም እያልን ስንዘረዝር የጎንደሩን ልጅ ማንም አላነሳም። «የዓለም ሲኒማ» ስንል ሳናውቀው «የሌላ ሰው ሲኒማ» ማለታችን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወር ሳንጠብቅ ተገናኝተን አየነው። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል፣ ቋንቋው አማርኛ ነው። ኃይሌ አሜሪካ ተማሪ ሳለ መጥቶ በ1974 የቀረጸው ነው፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ አለ፣ ባለርስት አለ። ቤተሰቡ ከንጋት ጀምሮ ሲለፋ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይቆጣጠራል፣ ይጮኻል።

ጋሼ መሬት ሲታረስ የሚያሳየው ቦታ ላይ ሲደርስ «አቁሙት እስቲ» አሉ። ተነስተው ወደ አንሶላው ተጠጉ። «ይሄ ሰው አራሽ ነው እንጂ ተዋናይ አይደለም። የእርፉን አያያዝ እዩት፣ ጅራፉን የያዘበትን እጅ እዩት» አሉን። ልክ ናቸው፣ ኃይሌ ያሠራው ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎችን ነው። እኛ ከተማ ያደግን ልጆች ግን እሳቸው እስኪያሳዩን ድረስ እጁን አላየነውም፣ ፊቱን ብቻ ነበር የምናየው። ከዚያ ስለ አርሲ ነገሩን። ጎንደር የርስት አገር ስለነበር እንደ ደቡቡ ጭሰኛ አልበዛበትም፤ እሳቸው ግን ሥራ የጀመሩት አርሲ ነው፣ ምርቱ አውድማ ላይ ሲካፈል ቆመው አይተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ እዚያው ነበሩ። አሁን ዓመቶቹን ደርድሯቸው፦ ቀረጻው ከአዋጁ በፊት፣ ለሕዝብ መታየቱ ከአዋጁ በኋላ። ፊልሙ ውስጥ ወንበሩ ላይ ያለው ባለርስት ተመልካች ፊት ሲቀርብ በሕግ የለም ማለት ነው። ይህን የነገረን መጽሐፍ የለም፣ አቆጣጠሩን አስታርቀን ስንቆጥር ነው የታየን።

ሽልማት መቁጠር

«ይህ ፊልም ካን ላይ ይህን አግኝቷል፣ እዚያ ደግሞ ለዚህ ታጭቷል» ብሎ የሚጀምር ሰው ወዲያው ያደክማል። ሽልማቱን ስልካችን ይነግረናል። እኛ የምንፈልገው አንተ ምን እንዳየህ ነው። አንድ ትዕይንት ምረጥ፣ እሱን ብቻ ንገረን።

እህቴ በዚህ ጎበዝ ናት። ያመጣችው የሕንዱን ዳይሬክተር የሽያም ቤኔጋልን «ማንታን» ነበር። እንዲህ ብላ ጀመረች፦ «አንድ የከብት ሐኪም ገጠር ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። የሚቀበለው ሰው የለም። ቆይተው እየሮጡ መጡና ይቅርታ ጠየቁት፣ ለካ ባቡሩ በሰዓቱ ስለደረሰ ነው የዘገዩት።» ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ ሁሉም ፊልሙን ማየት ፈለገ። ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የነገረችን። ሕንድ ውስጥ ያለው የጉጃራት ግዛት ወተት አምራች ገበሬዎች ናቸው ያሠሩት። አምስት መቶ ሺህ ሰው፣ እያንዳንዱ ሁለት ሩፒ። ታሪኩም የእነሱው ነው፣ ወተታቸውን በርካሽ ከሚገዛቸው ነጋዴ ወጥተው የራሳቸውን ማኅበር ስለማቋቋም።

የርዕሱ ትርጉም «መናጥ» ነው፣ ወተት እንደሚናጠው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ፊልሙን ካላየሁ አለች። እናቴ የውጭ ፊልም ብዙም አትወድም። ደምቢያ ስታድግ ጧት ጧት ትንጥ ነበርና የወተቱን ነገር ስታይ ከማንኛችንም በላይ ገባት። የወተቱ ቅባት ሲለካ የሚያሳየው ላይ «ውኃ እንዳይጨምሩበት ነው» አለች፣ ማንም ሳያስረዳት።

ትርጉም ፊልም አይቶ መፍረድ

ትርጉም ፊልም እወዳለሁ። ቪዲዮ ቤት ሳንቲም ከፍዬ ያደግሁት በእሱ ነው፣ ተራኪዎቹንም አከብራለሁ። ግን ለዚህ ጨዋታ አይሆንም። ተራኪው ዝምታን አይወድም፣ ክፍት ቦታ ካገኘ ይሞላዋል።

ከእኛ አንዱ የስፔኑን ዳይሬክተር የካርሎስ ሳውራን «ክሪያ ኩዌርቮስ» አምጥቶ ነበር። ርዕሱ ከስፔኖች ተረት የተወሰደ ነው፣ ቁራ አሳድግና ዓይንህን ያወጣሃል እንደ ማለት፤ እኛ «ባጎረስኩ ተነከስኩ» የምንለው። አና የምትባል ወላጆቿ የሞቱባት ትንሽ ልጅ አለች። የሞተች እናቷ ቤት ውስጥ ስትዘዋወር ይታያታል። የስፔኑ አምባገነን መሪ ፍራንኮ የሞተው በኅዳር 1975 ነው፣ ፊልሙ የወጣው ወራት ቆይቶ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ዝምታ የአገሩም ዝምታ ይመስለኛል። የዚያች ልጅ ዓይን ነው ፊልሙ። አንድ ሰው ከላይ ሆኖ «አሁን አና አዝናለች» እያለ ቢተርክባት ምን ይቀራል?

እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው እኛ የምናደርገው ይህ ነው፦ ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ማን ማን እንደሆነ በአማርኛ እንነግራለን። ከዚያ ዝም። ካስፈለገ መሃል ላይ እናቆማለን።

መጨረሻውን መናገር

ይህንን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሳላይ መጨረሻውን የነገረኝ ሰው አለ፣ እስካሁን አልረሳሁለትም። ሰው አይቶ ካልጨረሰ አትናገሩ፣ በቃ።

አሥር ፊልም መዘርዘር

ሦስት ይበቃል፣ አንድ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ያላያችሁትን አትጨምሩ፣ ይታወቃል። ርዝመቱንም አስቀድማችሁ እዩ። የጣሊያኑ ዳይሬክተር የበርቶሉቺ «ኖቬቼንቶ» ሙሉው ከአምስት ሰዓት በላይ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምራችሁ መቼ ልትጨርሱ ነው? መብራት የሄደ እንደሆነስ? ላፕቶፑን ሞልታችሁ ጠብቁ፣ ፊልሙን ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ በኔትወርክ አትመኩ።

የሰውን ምርጫ «ቀርፋፋ ነው» ብሎ መጣል

ያ የ«ፓሪስ፣ ቴክሳስ» ልጅ በሁለተኛው ጊዜ የዚያኑ የቬንደርስን የ1976 ፊልም ይዞ መጣ። ርዕሱ በጀርመንኛ «በጊዜ ሂደት» እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው በትልቅ መኪና የምሥራቅና የምዕራብ ጀርመንን ድንበር ይዞ እየሄደ፣ በየትንንሹ ከተማ ያሉ ሲኒማ ቤቶችን ፕሮጀክተር ይጠግናል። አንድ ሌላ ሰው መንገድ ላይ ይቀላቀለዋል። ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ወሬውም ትንሽ ነው። ሃያ ደቂቃ እንዳየን አንዱ «ይሄማ ቀርፋፋ ነው፣ ሌላ እንቀይር» አለ። ተቀየረ። ልጁ ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ለሁለት ወር አልመጣም።

የእሱን ፊልም ነው የጣልነው ብለን አስበን ነበር። እሱ ግን ያመጣው አንድ የሚወደውን ነገር ነው፣ ሰው የሚወደውን ሲያመጣ ደግሞ ራሱንም ትንሽ አሳይቷል። ያልጣማችሁ ፊልም ቢሆን እንኳ ጨርሱት፣ ከዚያ «ይህ ቦታ ላይ ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ አልወደድኩትም ማለት ይቻላል፣ አይከፋም።

ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፣ ፊልሙንም ይዞ እንዲመጣ ለመንነው። በዚህኛው ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየነው። አንድ ቦታ ላይ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊልሙ እስኪጀምር ተቀምጦ ይንጫጫል፣ ድምፅ ማጉያው አልሠራ ብሏል። ሁለቱ ሰዎች ከመጋረጃው ኋላ መብራት በርቶባቸው ጥላቸው ይታያል። ልጆቹ ጥላውን አይተው ሳቁ፤ ሰዎቹም ያንን ሲያዩ በጥላቸው ጨዋታ ጀመሩላቸው፣ ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ይማታሉ።

የቤቱ ባለቤት ልጅ ሰባት ዓመቱ ነው። ተኝቷል ብለን ነበር። ለካ በር ሥር ቆሞ ሲያይ ኖሯል። ሮጦ መጣና የፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ገብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጥላው አንሶላው ላይ ከጀርመኖቹ ጥላ ጎን ሲያርፍ ጋሼ «ተዉት፣ አታስወጡት» አሉ።