የሳይንስ ሱፐርኮምፒዩቲንግ ሰርተፍኬት ፕሮግራም እንዴት ይቀረጻል?

ሱፐርኮምፒዩቲንግን (ብዙ ፕሮሰሰሮችን አቀናጅቶ ከባድ ስሌት መሥራትን) የሚያስተምር ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይከፈት ሲባል የመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ጊዜ በማሽን ግዢ ወሬ ያልቃል። ስንት ኮር (ፕሮሰሰር ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ይኑረው፣ የት ሕንፃ ይቀመጥ፣ ኤሲውን ማን ያስገባ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ማሽኑ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚፈለገው ስሌቱ አላልቅ ያለው ሰው ነው።

1. ሰዎቹን ፈልጉ

አንድ ሳምንት ዲፓርትመንቶቹን ዙሩ። ሜቲዮሮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ ባዮሎጂ። «ላፕቶፕ ላይ ቀናት የሚፈጅባችሁ ሥራ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ላፕቶፑን አራት ቀን ሳያጠፋ የሚያሳድር፣ መብራት ሲሄድበት ከዜሮ የሚጀምር የማስተርስ ተማሪ አታጡም። ችግሩን በዝርዝር መዝግቡ፤ በኋላ የፕሮጀክት ርዕስ ይሆናችኋል።

2. ተመራቂው ምን እንደሚችል ጻፉ

ኮርስ ከመደርደር በፊት። ለምሳሌ፦ «የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ የሚዘገይበትን ቦታ ለክቶ ያገኛል፣ በብዙ ኮር ያስኬደዋል፣ መልሱ እንዳልተበላሸ ያረጋግጣል።» ይህን የማያግዝ ርዕስ ሁሉ ይውጣ።

3. ኮርሶቹን ምረጡ

ሰርተፍኬት እንጂ ዲግሪ አይደለም፤ ሦስት ኮርስና አንድ ፕሮጀክት ይበቃል።

የመጀመሪያው መሣሪያ ማስያዣ ነው፦ ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት፣ ስክሪፕት መጻፍ። ሊኑክስ ላይ አትደራደሩ። ከኅዳር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም የ500 ፈጣን ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ላይ ያሉት ሁሉ የሚሠሩት በእሱ ነው።

ሁለተኛው የቁጥር ስሌትና ስህተት። ተማሪው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፍቶ 0.1 + 0.2 ይጻፍ፤ ኮምፒዩተሩ ቁጥሮቹን ስለሚያጠጋጋ 0.30000000000000004 ይመጣለታል። ሥራው ለብዙ ኮር ሲከፋፈል የመደመር ቅደም ተከተሉም ስለሚለወጥ፣ በ4 ኮርና በ8 ኮር የተገኘው መልስ ጭራው ላይ ሊለያይ ይችላል። የትኛው ልዩነት ጤነኛ፣ የትኛው የፕሮግራም ስህተት እንደሆነ መለየት የሚማረው እዚህ ነው።

ሦስተኛው ሥራን ማከፋፈል፦ በአንድ ማሽን ውስጥ ላሉ ኮሮች ኦፕን ኤምፒ የሚባለው ማከፋፈያ፣ በብዙ ማሽኖች መካከል መልእክት የሚያቀባብለው ኤምፒአይ። ቋንቋው ሲ ወይም ፎርትራን ይሁን። ፎርትራን ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ቢሆንም አርጅቷል ብላችሁ አትናቁት፤ ትልልቅ የአየር ትንበያ ሞዴሎች ዛሬም በእሱ የተጻፉ ናቸው። ጂፒዩ (ለስሌትም የሚያገለግለው የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ከዚህ በኋላ ይምጣ። ተማሪዎች ቀድሞ እንዲመጣ ይጎተጉቷችኋል፤ እሺ አትበሉ።

4. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ላቦች በደንብ አስቡባቸው

ተማሪው የሚማረከው ወይም የሚሸሸው እዚህ ነው። አንደኛው ላብ በአንድ ኮር ብቻ ይሁን። 10,000 በ10,000 የሆነ ሰንጠረዥ በሲ ይደምር፤ መጀመሪያ ረድፍ በረድፍ፣ ቀጥሎ ዓምድ በዓምድ። ድምሩ አንድ ነው፣ ሁለተኛው ግን በግልጽ ይዘገያል። ምክንያቱም ሲ ቁጥሮቹን በረድፍ ነው የሚደረድረው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከሜሞሪ ሲያመጣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት ቁጥር ነው የሚያፍሰው። በዓምድ ሲሄድ ከስምንቱ አንዷን ተጠቅሞ ሰባቱን ይጥላል። ሱቅ ሄዶ ኪሎ ሽንኩርት ገዝቶ፣ አንዷን ከትፎ ሌላውን ደፍቶ፣ እንደገና ሱቅ መሄድ ማለት ነው። ፎርትራን ላይ ነገሩ ይገለበጣል።

ሁለተኛው ላብ የአምዳል ሕግ ነው፤ ሥራን ለብዙ ኮር ማከፋፈል እስከ ምን ድረስ እንደሚያፈጥን የሚናገር፣ ጂን አምዳል በ1967 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው። ከሥራው 10 በመቶው ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ፣ 16 ኮር የሚያፈጥነው 6.4 እጥፍ ብቻ ነው። 1,000 ኮር ብትጨምሩም 10 እጥፍ አይሞላም። ተማሪው ግራፉን በራሱ እጅ ይሥራው። ከዚያ በኋላ «ኮር ጨምሩልኝ» ማለት ያፍራል።

5. አሁን ማሽኑ

ለማስተማሪያ ከላብ የተጣሉ አራት ዴስክቶፖች፣ እነሱን የሚያገናኝ አንድ ስዊችና ስለርም የሚባለው ነፃ የወረፋ አስያዥ ሶፍትዌር ይበቃሉ። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ናሳ ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው የቤውልፍ ክላስተርም (ክላስተር ማለት እንደ አንድ ማሽን አብረው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ናቸው) ገበያ ላይ የሚገኙ 16 ተራ ፕሮሰሰሮችን በኢተርኔት ያገናኘ ነበር። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆይ ባትሪ) አትርሱ። ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግም ከመጀመሪያው ሳምንት ይግባ፤ መብራት ሲሄድ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ይጥፋ እንጂ የአራት ቀን አይጥፋ።

6. ምዘናና ሰው ኃይል

የወረቀት ፈተና ይቅር። እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ዘገምተኛ ፕሮግራም ያፋጥን፣ በፊትና በኋላ የፈጀውን ሰዓት አስተማሪ ፊት ያሳይ። የመጀመሪያውን ዙር ከ15 ሰው አታስበልጡ።

አስተማሪ ከሳይንስ ዲፓርትመንቶቹ ይገኛል። የሚከብደው ክላስተሩን የሚጠብቅ የሲስተም አድሚን ማቆየት ነው። ሥራውን እንደለመደ የተሻለ ደመወዝ የሚከፍል ይወስደዋል። ስለዚህ ከጅምሩ ሁለት ሰው አሠልጥኑ፤ አንዱ ከቀድሞ ተመራቂዎቻችሁ ቢሆን ይመረጣል። የማሽኑ የይለፍ ቃልም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር።