የመሬት መንቀጥቀጥን፣ የፀሐይ ማዕበልንና አውሎ ነፋስን የሚያያይዝ መልእክት ሲደርስዎ እንዴት ይመረምሩታል?

በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ወዳጄ በስልኩ የደረሰውን መልእክት አነበበልኝ። መልእክቱ ታኅሣሥ 5 ቀን ሳይክሎን ቺዶ የተባለው አውሎ ነፋስ በሕንድ ውቅያኖስ ያለችውን የማዮት ደሴት መምታቱን፣ ታኅሣሥ 23 ከፀሐይ የተነሣ ብርቱ መግነጢሳዊ ማዕበል (የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚያናውጥ) ምድር መድረሱን፣ ታኅሣሥ 26 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ኃይለኛ የመሬት መንቀጥቀጥ መከሰቱን፣ ጥር 3 ደግሞ ሳይክሎን ዲኬሌዲ ማዳጋስካር መግባቱን ይዘረዝርና «ስለዚህ አራቱም የተያያዙ ናቸው» ብሎ ይደመድማል። በኋላ ሳጣራው ቀኖቹ ሁሉ ትክክል ሆነው አገኘኋቸው፤ ሊመረመር የሚገባው «ስለዚህ» የምትለዋ ቃል ነበረች። እንዲህ ያለ መልእክት ለሚደርሰው ሰው የምመክረው አሠራር የሚከተለው ነው፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና ኢንተርኔት ካለ ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

በመጀመሪያ መልእክቱን በታትነው ይጻፉት። የትኛው ክስተት የትኛውን አመጣ እንደተባለና በመካከላቸው ስንት ቀን ወይም ሰዓት ሊኖር እንደሚገባ ለየብቻ ይመዝግቡ። ከፀሐይ የሚፈነዳ ብርሃንና ኤክስሬይ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በ8 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ መግነጢሳዊ ማዕበል የሚያስነሣው የጋለ ቅንጣት ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጓዛል። ስለዚህ «ፀሐይ አመጣችው» የሚል ሰው የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ መናገር አለበት። «ሰሞኑን» የሚለው ቃል ለወሬ እንጂ ለልኬት አይሆንም።

ቀጥሎ ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዓለም የመረጃ ማዕከላት ሁሉንም በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም የጋራ መደበኛ ሰዓት ይመዘግባሉ። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ ከዩቲሲው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ነው። የታኅሣሥ 23ቱ ማዕበል ጂ4 ደረጃ ላይ (የማዕበል ብርታት ከዝቅተኛው ጂ1 እስከ ከፍተኛው ጂ5 ይመደባል) የደረሰው በዩቲሲ 16፡40 ነበር፤ 3 ሲቀነስ 13፡40፣ 12 ሲቀነስለት ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ይሆናል። የፈንታሌው መንቀጥቀጥ በዩቲሲ 00፡52 ስለሆነ፣ 24 ተጨምሮ 3 ሲቀነስ 21፡52፣ 12 ሲቀነስለት ደግሞ ለታኅሣሥ 26 አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ነው። ቀናችን በንጋት፣ የእነርሱ ደግሞ በእኩለ ሌሊት ስለሚለወጥ አንድ ቀን ጨምሮ ወይም ቀንሶ መጻፍ በጣም ቀላል ነው። መጠኑም ቢሆን አንዱ ተቋም 5.7፣ ሌላው 5.8 ብሎታልና ከጀመሩበት ምንጭ ሳይወጡ ይጨርሱ። ለመንቀጥቀጥ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዝርዝር፣ ለመግነጢሳዊ ማዕበል ደግሞ ከ0 እስከ 9 የሚደርሰውና በየሦስት ሰዓቱ የሚወጣው የኬፒ መለኪያ ለማንም ክፍት ናቸው።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ኋላ ይመልከቱ። ምክንያት የተባለው ነገር ከመድረሱ በፊት ውጤቱ ጀምሮ ነበርን? በፈንታሌ ነገሩ ግልጽ ነው። ከባሕር ዳር 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዚያ አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ የጀመረው በመስከረም ሲሆን፣ መስከረም 26 መጠኑ 4.9 የሆነው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ምክንያቱም ከምድር በታች ቅልጥ አለት የስምጥ ሸለቆውን አለት እየሰነጠቀ ወደ ጎን መፍሰሱ ነው። የፀሐዩ ማዕበል ሲደርስ ይህ ሁሉ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላም ቀጥሎ የካቲት 7 ቀን 6.0 ደርሷል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ቆጠራው ነው። በዓለም ላይ 6 እና ከዚያ በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ በየዓመቱ ከ100 በላይ ይመዘገባል፤ በአማካይ በሦስት ቀን አንድ ማለት ነው። ስም የሚሰጣቸው ሞቃታማ አውሎ ነፋሶችም በዓመት 80 ያህል ናቸው። በአንድ የ11 ዓመት የፀሐይ ዑደት ውስጥ ደግሞ ጂ1 ደረጃ የሚታይባቸው ቀናት 900 ገደማ ይሆናሉ። ሦስቱ ይህን ያህል ከበዙ ሳይገናኙ ቢቀሩ ነበር የሚያስገርመው። ይህን በዓይን ለማየት የአንድ ዓመት ቀኖችን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው እንደ ዕቁብ ዕጣ 20 ያውጡ፤ ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ ባሉት አምስት ቀናት በዓለም ላይ 6 የደረሰ መንቀጥቀጥ ነበር ወይ ብለው ይፈልጉ። ለአብዛኞቹ «አዎ» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ፀሐይ ግን ዕጣው ውስጥ አልነበረችም።

ከዚያ በደብተርዎ ላይ አራት ክፍል ያለው ሠንጠረዥ ያስምሩ፤ ማዕበልም መንቀጥቀጥም የነበረበት፣ ማዕበል ብቻ የነበረበት፣ መንቀጥቀጥ ብቻ የነበረበት፣ ሁለቱም ያልነበሩበት ቀን። መልእክት የሚልኩልን ሰዎች የሚሞሉት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። አራቱንም በጥንቃቄ የሞሉ ተመራማሪዎችም አልተስማሙም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጥናት ትርጉም ያለው ግንኙነት እንዳላገኘ ሲገልጽ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ግን ከፀሐይ በሚመጡ ፕሮቶኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ብዛትና በትላልቅ መንቀጥቀጦች መካከል ግንኙነት አለ ብሏል። እኔ ሚዛኑ ወደ መጀመሪያው እንደሚያደላ አምናለሁ፤ ሁለተኛው ቢጸና እንኳ የትኛው ከተማ መቼ እንደሚናወጥ አይነግረንም።

ሦስቱ ፈጽሞ አይነካኩም ማለትም ስሕተት ነው፤ የተረጋገጠው ግንኙነት ግን አቅጣጫው መልእክቶቹ ከሚሉት ይለያል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጃፓንን የመታው 9.0 መንቀጥቀጥ የባሕሩን ገጽ ሲያነሣው ሞገዱ በ10 ደቂቃ ገደማ አዮኖስፌር (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ደርሶ በጂፒኤስ ጣቢያዎች ታይቷል፤ ማለትም ነገሩ የሄደው ከምድር ወደ ላይ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በታይዋን የአውሎ ነፋስ ዝቅተኛ የአየር ግፊት፣ ማንም የማይሰማውን ዝግተኛ የስንጥቅ መንሸራተት እንደሚቀሰቅስ አሳይቷል። አውሎ ነፋስ ያስነሣው ብርቱ የባሕር ሞገድ የባሕሩን ወለል ሲደበድብም የመንቀጥቀጥ መለኪያዎች ያንን ይመዘግባሉ።

ሳይክሎን ኃይሉን የሚያገኘው 26 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ከሞቀ ባሕር ስለሆነ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ጣና ከሰዓት በኋላ በንፋስ ሲናወጥ «ሳይክሎን መጣ» ማለት አያስኬድም።

የህዋ አየር ሁኔታን ተጽዕኖ እዚሁ ሆኖ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከመሬቱ ይልቅ ሰማዩ ይሻለዋል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ያልፋል፤ በዚህም የተነሣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከራሳችን በላይ ያለው አዮኖስፌር ይናወጣል፤ በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ገደማ የጂፒኤስ ምልክት ይዋዥቃል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ የሚያጠናው እንዲህ ያለውን ነው። አመሻሽ ላይ በትክክለኛ ጂፒኤስ የሚለካ ቀያሽ ልኬቱ ከዘለለበት ሰዓቱን ይጻፍና ጠዋት ይድገመው፤ ከኬፒው ጋር ማነጻጸር የሚገባውም ይህንኑ ነው።

በመጨረሻም ለመልእክቱ ላኪ አንድ ጥያቄ ይመልሱለት፤ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ከመድረሱ በፊት ቀኑን፣ ቦታውንና መጠኑን ጽፎ እንዲልክልዎ። ወዳጄ ያን ዕለት ከቡናው ሳንነሣ ጠይቆ ነበር፤ መልስ እስካሁን አልመጣለትም።