የባክቴሪያን የበሽታ ጂኖች ቁጥጥር ለማጥናት ከየት ልጀምር?

ሴሚናር የደረሰበት ተማሪ ቀድሞ የሚይዘው የፕሮቲኖቹን ስም መሸምደድ ነው። ተዉት፣ አያዋጣም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጂኑ ምን ዝም አሰኘው የሚለው ነው።

ሺጌላን እንውሰድ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የምታመጣዋን። የአንጀት ሴል ሰብራ የምትገባባቸው ዋና ዋና መሣሪያዎች የተጻፉት ወደ 220 ሺህ ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ፊደል ጥንድ) በሚረዝም ፕላዝሚድ ላይ ነው፣ ማለትም ከክሮሞሶሙ ውጭ ባለ ክብ ዲኤንኤ ላይ። መሣሪያ መሥራት ጉልበት ይበላል፤ ውጭ ውሃ ውስጥ ስትሆን ደግሞ ምንም አይረባትም። ታዲያ ማነው የሚያፍነው? ኤች-ኤን-ኤስ የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ኤ እና ቲ የበዛበት ዲኤንኤ ላይ እየተለጠፈ።

ቀጥሎ ምልክቱን ፈልጉ። እዚህ ሙቀት ነው፦ 30 ዲግሪ ላይ ዝምታ፣ 37 ላይ ሥራ። ቪር-ኤፍ የተባለው ጂን መነሻ ላይ ዲኤንኤው የታጠፈ ነው፣ ኤች-ኤን-ኤስም ከሁለት በኩል ይዞ ይቆልፈዋል። ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ እጥፋቱ ይላላና አፋኙ መያዣ ያጣል፣ ጂኑም ይነበባል። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፤ ቴርሞሜትሩ ራሱ ዲኤንኤው ነው!

ከዚያ ቀስት እየሳላችሁ ውረዱ። ቪር-ኤፍ ቪር-ቢን ያስነሳል፣ ቪር-ቢ ደግሞ ባክቴሪያዋ ሴሉን የምትወጋበትን መርፌ መሰል መሣሪያና በመርፌው የሚወጉትን ፕሮቲኖች ጂኖች ያስነሳል። ግን ቪር-ቢ ሥራው በዋናነት ኤች-ኤን-ኤስን ማባረር ስለሆነ ቀስቱ ላይ «አፋኙን ያነሳል» ብላችሁ ጻፉ፣ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሙቀት ብቻ ይበቃል እንዳትሉ። ኦክስጅን በሌለበት የአንጀት መሃል ኤፍ-ኤን-አር የሚባል ኦክስጅን የሚለይ ፕሮቲን መርፌው እንዳይተኩስ ይይዘዋል፤ ግድግዳው አጠገብ ከደም ሥር የሚያመልጠው ትንሽ ኦክስጅን ነው መርፌውን ከዚህ እገዳ የሚለቀው።

ላብ ውስጥ በዓይን ለማየት ኮንጎ ሬድ የሚባል ቀለም ያለበት አጋር (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄል) ላይ 37 ዲግሪ አሳድጉ። ቀይ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ጤነኛ ፕላዝሚድ አለ ማለት ነው፣ ነጭ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕላዝሚዱ ወይ ጠፍቷል ወይ ተበላሽቷል። ሺጌላ ሶኔ የምትባለው ዝርያ ፕላዝሚዱን ቶሎ ስለምትጥለው ከስቶክ (ከተቀመጠው ናሙና) ባወጣችሁ ቁጥር ፈትሹ። ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ብቻ ሰው ያሳምማል፣ ስለዚህ ያለ ኃላፊ አትንኩት።

ይሄንን ካርታ ግን ኮሌራ ላይ አትገልብጡት። ክላሲካል የሚባለው የኮሌራ ዝርያ ላብ ውስጥ መርዙን በደንብ የሚያመርተው 30 ዲግሪና ፒኤች 6.5 ላይ ነው።