«ስለ ማን ነበር?»፦ ሕፃናት የጽሑፍን ዋና ጉዳይና ዝርዝር እንዲለዩ ማስተማር

ለአራትና ለአምስት ዓመት ሕፃናት ስለ አንድ እንስሳ እውነተኛ መረጃ የሚሰጥ አጭር ጽሑፍ አንብበን «ስለ ምን ነበር?» ብለን ስንጠይቃቸው፣ ብዙዎቹ የሚመልሱት ከሰሙት ሁሉ ይበልጥ የገረማቸውን አንድ ነገር ነው። ይህ ግን አላዳመጡም ማለት አይደለም። ዝርዝሩን ይዘውታል፤ የቀራቸው ዝርዝሩ የማን እንደሆነ መናገር ብቻ ነው።

ለዚህ ትምህርት ከእንቆቅልሽ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ እንቆቅልሽ ራሱ ዝርዝሩን ሰጥቶ ባለቤቱን እንድንፈልግ የሚያደርግ ጨዋታ ነውና። «ስድስት እግር አለኝ፤ አበባ እቀስማለሁ፤ ቀፎ ውስጥ እኖራለሁ» በሏቸው። «ንብ!» ካሉ በኋላ ጨዋታውን ሳትዘጉ «በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ሦስቱን ፍንጮች መልሰው እንዲናገሩ አድርጉ።

ከዚያ ወደ ንባቡ እለፉ። ጽሑፉ ከአምስት ዓረፍተ ነገር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለምሳሌ፦ «ጭላዳ ዝንጀሮ በኢትዮጵያ ደጋ ይኖራል። በብዛት የሚበላው ሣር ነው። ሣሩን በጣቶቹ ይነጫል። ሌሊት ገደል ላይ ያድራል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው።» መጀመሪያ ሳታቋርጡ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሥዕል እያሳያችሁ አንብቡላቸው።

አንዷ ልጅ «ስለ ቀይ ደረት ነው» ብትል «ተሳስተሻል» አትበሏት። «ቀይ ደረት ያለው ማን ነው?»፣ «ሣር የሚነጨውስ?»፣ «ገደል ላይ የሚያድረውስ?» ብላችሁ በተራ ጠይቋት። ሦስቴም «ጭላዳ» ብላ ስትመልስ፣ በየመልሱ እየተመላለሰ የሚመጣው ስም ዋናው ጉዳይ መሆኑን በራሷ አንደበት ደርሳበታለች ማለት ነው።

ቀጥሎ ነገሩን በዓይን አሳዩ። ሦስት ጉልቻና አንድ ትንሽ ድስት አምጥታችሁ የጭላዳውን ሥዕል በድስቱ ላይ፣ የሣሩን፣ የገደሉንና የቀዩን ምልክት ሥዕሎች በየጉልቻው ላይ ለጥፉ። ድስቱን የተሸከሙት ጉልቻዎቹ መሆናቸውን ለማሳየት አንዱን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ድስቱ ያዘነብላል፤ ልጆቹም ይህን ለማየት ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ከዚያ የእንቁላል ሥዕል የተለጠፈበት አራተኛ ጉልቻ አቅርቡና «ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ እውነት ነው ሐሰት?» ብላችሁ ጠይቁ። «እውነት!» ይላሉ። «ታዲያ የዚህ ድስት ጉልቻ ነው?» በእኔ እምነት ከትምህርቱ ሁሉ ከባዱም ጠቃሚውም ይህ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሕፃኑ አንድ ነገር እውነት ስለሆነ ብቻ የዚህ ጽሑፍ ዝርዝር እንደማይሆን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሳትቸኩሉ ጊዜ ስጡት።

ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል በኅብረት የሚሰጥ መልስ ያልገባውን ልጅ ስለሚሸፍን፣ መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲነጋገሩ አድርጉ፤ ከዚያም ዝምተኛ የሆኑትን ጭምር አንድ በአንድ ጠይቁ። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅም በሚቀለው ቋንቋ ይመልስ፤ እዚህ የምንፈልገው ማስተዋሉን ነው።

በማግስቱ ስለ አህያ ወይም ስለ ቡና ሌላ አጭር ጽሑፍ አንብቡላቸውና ድስቱንም ጉልቻዎቹንም ባዶ አድርጋችሁ አስረክቧቸው። የትኛው ሥዕል የት እንደሚለጠፍ እነርሱ ይከራከሩበት።