«ሚስቱ ነኝ እኮ!» ደጋግሜ የማያቸው የባልና ሚስት፣ የአማትና የምራት የሕግ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ ቢሮዬ መጣች። ከፌስታል ውስጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ እያስተካከለች ዘረጋችው። 11 ዓመት በትዳር ኖራለች። ልጅ የላቸውም። «የባሌ አርባ እንደወጣ አማቴ ቤቱን ልቀቂ አሉኝ። ሚስቱ ነኝ እኮ! ከእኔ በላይ ማን ይወርሰዋል?»

መልሱን ስለማውቀው ሆዴ ተላወሰ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። ባልም የሚስቱ ወራሽ አይደለም። ውርሱ ለልጆች ነው፤ ልጅ ከሌለ ለሟች እናትና አባት። አንዳቸው ከሞቱ ድርሻቸው ወደ ሟች ወንድምና እህቶች ይወርዳል። ሚስት የምትወስደው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው። እሱ ደግሞ ድሮም የራሷ ነው፣ ውርስ አይባልም። ያን ቤት ባሏ የገዛው ከሠርጋቸው 2 ዓመት ቀድሞ ስለሆነ የግል ንብረቱ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም ተሳስቻለሁ። ባሏ ለሞተባት ሴት «ወራሽነቴ ይረጋገጥልኝ» የሚል አቤቱታ ጻፍኩላት። ውድቅ ሲሆን ፊቷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሁለቱም ወገን ተስማምቶ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄደ ግን ሚስት ድርሻ አላት።

ስለዚህ ተናዘዙ። እባካችሁ! ኑዛዜ ሟርት አይደለም። «ለነፍስ አባቱ ነግሯቸው ነበር» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማሁ! በቃል ኑዛዜ ቤት አይሰጥም። በኮምፒውተር አስጽፎ ብቻውን የፈረመም ብዙ አይቻለሁ፤ ይህም አይበቃም። ወይ ኑዛዜው ተናዛዡና 4 ምስክሮች ባሉበት ይነበብ፤ መነበቡና ቀኑ ይጻፍበት፤ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። ወይ ተናዛዡ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ፣ ሙሉውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ ይፈርም። በእጅ የተጻፈው በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ሌላው የሚያንገበግበኝ አማቶች ግቢ ውስጥ ሰርቪስ መሥራት ነው። አዲስ ሙሽሮች የዕቁብ ብር አውጥተው፣ ብሎኬት ደርድረው፣ ቆርቆሮ ያለብሳሉ። ካርታው የአባት ነው። ጸብ ሲመጣ «እኛ ነን የሠራነው» ይላሉ አማቶች። ምራቷ የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ደረሰኝ እንኳ የላትም። ከመሠረቱ በፊት ከአማቶቻችሁ ጋር ተፈራረሙ። ያስከፋል ብላችሁ አትፍሩ።

«ካርታው በእሱ ስም ነው» ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የግሉ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የአካባቢያችሁን ጠይቁ።

«ሽማግሌ ፊት ተለያይተናል» ማለት ፍቺ አይደለም። የሚያፋታ ፍርድ ቤት ብቻ ነው።

የሟች ወንድምን ሚስት ማግባት በአዋጁ ክልክል ነው።

«ከአማቴ ጋር ምን አገናኘኝ?» የሚል አማች ደግሞ ይስማ። አማት መሥራት አቅቷቸው ከተቸገሩ ቀለብ ሊቆርጥላቸው ይገደዳል። ሚስቱ ብትሞትም ግዴታው አይቀርም፤ የሚቀረው በፍቺ ነው። ለምራትም እንዲሁ ነው።

ያቺ ሴት ባዶ እጇን አልሄደችም። ቤቱ የግሉ ቢሆንም በትዳር ዘመን የተገኘው የኪራይ ገቢ የጋራ ነው፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ክፍሎችም የተሠሩት ከሠርጉ በኋላ ነው። የኪራይ ውሎቹንና የግንበኛውን ወረቀት እንድትፈልግ ነግሬያታለሁ። ቅዳሜ ይዛ ትመጣለች።